ባለቤት ያጣው ኮምፒዩተር፦ ለሆቴል ሰዎች ማስጠንቀቂያ

በሆቴል ሥራ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለአይቲ ልጆቹ አይደለም። ልጆቹ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ወረቀት ላይ ለምትፈርሙት፣ በጀት ለምታጸድቁት፣ «ለዘንድሮ ይቆይ» ለምትሉት። የማስጠነቅቃችሁም ስለ አንድ ኮምፒዩተር ነው። አብዛኞቻችሁ ይህን ኮምፒዩተር አይታችሁት አታውቁም። ያያችሁትም ካላችሁ ከአገልግሎት የወጣ ዕቃ መስሏችሁ አልፋችሁታል።

ልጆቹ ኢንተርፌስ ፒሲ ይሉታል። በአንድ ወገን የሆቴሉ ዋና ሶፍትዌር አለ፣ ኦፔራም ይሁን ሌላ። በሌላው ወገን እንግዳው በክፍሉ የሚነካው ነገር ሁሉ አለ፦ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ዋይፋዩ፣ ሚኒባሩ። እነዚህ ዕቃዎች ከተለያየ አገርና ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ናቸው፤ እርስ በርስ አይግባቡም። መሐላቸው ቆሞ የሚያስተረጉመው ይህ ኮምፒዩተር ነው። ሪሴፕሽኒስቷ እንግዳውን መዝግባ «ቼክ ኢን» የምትለውን ስትጫን ከዋናው ሶፍትዌር አንዲት አጭር መልእክት ትወጣለች፤ የክፍል ቁጥር፣ ስም፣ ቋንቋ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን ይዛለች። ኢንተርፌሱ ይቀበላትና ለስልክ ማዞሪያው «የ412 መስመር ይከፈት» ይላል፤ ለቴሌቪዥኑ የእንግዳውን ስም ይሰጣል፤ ለካርድ ኢንኮደሩ «ለ412 እስከ ሐሙስ ቀትር የሚሠራ ቁልፍ ጻፍ» ይለዋል፤ ለዋይፋዩ ይህ ስምና ይህ ክፍል ቁጥር ሲገባ እንዲያሳልፍ ይነግረዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የጥሪ ሒሳብ፣ ከሚኒባር የተጠጣው፣ የክፍል አጽጂዋ በስልኩ ላይ የምትመታው «ክፍሉ ተጠርጓል» የሚለው ኮድ ይመጣል።

«ቼክ አውት» ሲባል ሁሉም ይገለበጣል፤ መስመሩ ይዘጋል፣ ስሙ ይነሳል፣ ዋይፋዩ ይቋረጣል። ይህች የመውጫ መልእክት መንገድ ላይ ብትቀር ምን ይሆናል? የትናንቱ እንግዳ ስም በዛሬው እንግዳ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ያ የትናንቱ ሰው ለሚስጥር ድርድር የመጣ፣ ለሕክምና የመጣ፣ ከሚያሳድደው ሸሽቶ ያደረ ሊሆን ይችላል። በእኛ ጊዜ «እገሌ እዚህ አድሮ ነበር» ብሎ ለሌላ እንግዳ የተናገረ ሠራተኛ በማግስቱ ዩኒፎርሙን ያስረክብ ነበር። ዛሬ ይህንኑ ኮምፒዩተሩ ይናገራል፣ የሚጠየቅም ሰው የለም።

አንዱን ብልሽት ከቅርብ ላሳያችሁ፤ ስሙን በማልጠራው ሆቴል የሆነ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሪሴፕሽን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የእንግዶች ሻንጣ ከሚደረደርበት ሥር፣ ወለል ላይ ተቀምጧል። ከስልክ ማዞሪያው የሚመጣው ባለ 9 ፒን ኬብል ነው። አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች እንዲህ ያለ መሰኪያ ስለሌላቸው በዩኤስቢ መቀየሪያ በኩል ተሰክቷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትወለውል ነቀለችው። ደንግጣ መልሳ ሰካችው፤ ነገር ግን የሰካችው አጠገቡ ባለው ቀዳዳ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ የገባ መስሎት ቀድሞ ኮም 3 ይለው የነበረውን አሁን ኮም 5 አለው። ኢንተርፌሱ ደግሞ ኮም 3 ላይ ጆሮውን ጥሎ መጠበቁን ቀጠለ። ስልኩ ይሠራል፣ እንግዳው ይደውላል፣ የሚጮህ ነገር የለም። የጥሪ ሒሳቡ ብቻ አይመጣም። ማዞሪያው ሒሳቡን ለጊዜው ያጠራቅማል፤ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ግን የሚተርፈው ይጠፋል። ናይት ኦዲተሩ የስልክ ገቢው ባዶ መሆኑን አይቶ «ዛሬ አልተደወለም» ብሎ ዕለቱን ዘጋ። በማግስቱም ዘጋ። ነገሩ የታወቀው የቴሌ ቢል ሲመጣ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የተጠረጠረችው ማን ትመስላችኋለች? የስልክ ኦፕሬተሯ። ልጆቹ መፍትሔውን ድሮም ያውቁታል፦ የመሰኪያውን ቁጥር ማሰር፣ ከተቻለም ኬብሉን በኔትወርክ በሚያሳልፍ ትንሽ ሳጥን መተካት። ቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም።

«ዛሬ በክፍል ስልክ ማን ይደውላል? ሁሉም ሞባይል ይዟል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ገቢው ሳስቷል። ነገር ግን በዚያው ኬብል የማንቂያ ጥሪም ያልፋል። እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሷ ጣጣ አላት። እንግዳው «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሱኝ፣ በረራ አለብኝ» ይላል። ጀማሪው ሠራተኛ 11:00 ብሎ ያስገባል። ማሽኑ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነውና እኛ 11 የምንለውን ሌሊት የሚያውቀው 05:00 ብለው ሲነግሩት ብቻ ነው። ስልኩ የሚጮኸው ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ይሆናል። ኦፕሬተሩ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ለእንግዳው ደግሞ እንዲያነብለት ሥርዓት ያወጣ ሆቴል ከዚህ ይድናል። ሌላም አለ። ኮምፒዩተሩ ሲተከል የሰዓት ቀጠናው በግዴለሽነት ይሞላል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ለእኛ የሚሆነው «ናይሮቢ» የሚለው ነው። የአውሮፓ ከተማ ተመርጦ ቢቀር ግን በመጋቢት አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ የእናንተም ሆቴል አብሮ ይገፋል። የዋናው ሶፍትዌር ሰዓትና የኢንተርፌሱ ሰዓት ከተለያዩ ደግሞ ቁልፉ የሚያበቃበት ጊዜ፣ ሒሳቡ የወደቀበት ቀን፣ ሁሉም ይዛነፋል፤ እንግዳው ሲከራከርም የምታሳዩት ማስረጃ አይኖራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። በየሆቴሉ እየሄዳችሁ «ይህ ኮምፒዩተር የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሪሴፕሽን «የአይቲ ነው» ይላል። አይቲው «የሶፍትዌሩ አቅራቢ ነው የተከለው፣ እኛ አንነካውም» ይላል። አቅራቢው «እኛ እስከ ኢንተርፌሱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የስልኩ ሰውዬ ነው» ይላል። የስልኩ ሰውዬ ማዞሪያው ደህና መሆኑን በላፕቶፑ አሳይቶ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቁልፉን የሸጠው ኩባንያ ወኪሉን ቀይሯል። ቴሌቪዥኑን የተከለው ውሉ አልቋል። በዚህ መሐል ኮምፒዩተሩ ባለቤት አልባ ሆኖ የሁሉንም እንግዳ ስም፣ የሁሉንም ክፍል ቁጥር ቀንና ሌሊት ያመላልሳል። ይህን ክፍተት ልጆቹ ሊዘጉት አይችሉም፤ ለአራት ክፍሎችና ለአራት አቅራቢዎች ባንድነት የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። ያ ሥልጣን ያለው እናንተ ጋ ነው። አንድ ሰው በስሙ፣ በደብዳቤ፣ ተተኪው ጭምር ተጽፎ ኃላፊ ይሁን፤ ምሽት ቢደወልለትም የሚያነሳ።

ከዚህ ቀጥሎ፣ ኮምፒዩተሩ ለብቻው ይሁን ስንል ለብቻው ማለት ነው። «ዲዲኬትድ» ብለን ገዝተን ሌሊት ፊልም የሚታይበት፣ የሠርግ አዳራሽ ውል የሚታተምበት፣ የእንግዳ ፍላሽ የሚሰካበት ስናደርገው አይቻለሁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ባዶውን ከሚቀመጥ»። ባዶውን መቀመጡ እኮ ነው ሥራው። ኪቦርድና ስክሪን ከፊቱ ይነሳ፣ በተቆለፈ ክፍል ይግባ፣ ኢሜይል አይኑርበት፣ ከሥራው ውጪ ኢንተርኔት አይኑረው። ይህን የምለው ለጥብቅነት ፍቅር አይደለም። በዚህ መስመር የሚያልፈው መልእክት ከጥንት ጀምሮ በግልጽ ጽሑፍ የሚሄድ ነው። አሠራሩ የተወጠነው በጀርመኑ የሆቴል ሶፍትዌር በፊዴሊዮ ዘመን ነው፤ ፊዴሊዮን ማይክሮስ ወረሰው፣ ማይክሮስን በ2014 ኦራክል ገዛው። (ከዚህ በታችም የውጭውን ነገር ሳነሳ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ያኔ አንድ ኬብል ከአንድ ማሽን ወደ አንድ ማሽን ይሄድ ስለነበር መደበቅ አላስፈለገም። ዛሬ ያው ጽሑፍ በሕንፃው ኔትወርክ ውስጥ ሲጓዝ፣ በመንገዱ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው በየትኛው ክፍል ማን እንዳለ ያነባል።

በውጭ አገር የደረሰውን ስሙ። በጥር 2017 እንደተዘገበው፣ በኦስትሪያ ተራሮች፣ በቱራኸር ሆሄ የሚገኘው ዬገርቪርት የተባለ ሆቴል በበረዶ ወቅት፣ እንግዳ ሞልቶት ሳለ ኮምፒዩተሮቹ በወንበዴዎች ተቆለፉበት። የቁልፍ ካርድ የሚያወጣው ሥርዓትም አብሮ ተያዘ። የተጠየቀው ሁለት ቢትኮይን፣ በጊዜው 1,500 ዩሮ ገደማ ነበር። ሆቴሉ ከፈለ። በዓለም ዙሪያ የተወራው «እንግዶች በክፍላቸው ታሰሩ» ተብሎ ነው፤ ይህ ሐሰት ነው፣ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙም አትደንግጡ። የክፍል መቆለፊያ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ነው፣ ከውስጥ ሁልጊዜ በእጅ ይከፈታል። የቀረው አዲስ ካርድ ማውጣቱ ነው። ግን እሱም ብቻውን ምን ማለት እንደሆነ የሆቴል ሰው ያውቃል፦ ሎቢው ሙሉ ሰው፣ ሻንጣ፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ለማንም የሚሰጥ ቁልፍ የለም። ሥራ አስኪያጁ በኋላ ወደ ድሮው የብረት ቁልፍ መመለስን እንደሚያስቡበት ተናግረው ነበር። አልፈርድባቸውም። ሆኖም ወደ ብረት ቁልፍ ከመመለስ በፊት ካርድ የሚያወጣውን ማሽን ኢሜይል ከሚከፈትበት ማሽን መለየት ይቀድማል፤ ይህን ደግሞ ለማድረግ ወንበዴ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው ሥጋቴ።

ሌላው የቻይናው ነው። በሼንዘን በሚገኘው ሴንት ሬጂስ ሆቴል ያረፈ ሄሱስ ሞሊና የተባለ የደኅንነት ባለሙያ፣ በክፍሉ የተሰጠው አይፓድ መብራቱንና መጋረጃውን የሚያዘው በእንግዶች ዋይፋይ በኩል መሆኑን አስተዋለ። ትእዛዞቹ ኬኤንኤክስ በሚባል የሕንፃ መቆጣጠሪያ ቋንቋ የሚሄዱ ናቸው፤ ያ ቋንቋ በዚያ አተካከል «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ሰውየው ክፍል እየቀያየረ አድራሻዎቹ እንዴት እንደተሰጡ ተረዳ፤ ከ200 በላይ በሆኑ ክፍሎች ያለውን መብራት፣ ሙቀትና ቴሌቪዥን ከአልጋው ሆኖ ማዘዝ እንደሚችልም አረጋገጠ። ነገሩን ለሆቴሉ አሳውቆ በ2014 ላስ ቬጋስ በተካሄደው ብላክ ሃት ጉባኤ ላይ አቀረበው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናንተው አስቡት። ዋናው ስሕተት አንድ ነበር፦ የእንግዳው መስመርና የዕቃዎቹ መስመር አንድ ነበሩ። እኛ ዘንድ ዛሬ «ስማርት ክፍል» እየተባለ በጥድፊያ የሚተከለውን ሳይ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ባለቤት ብዙ አላየሁም። ስለ መጋረጃው ቀለም የሚያነሳ ግን ሞልቷል።

የርቀት ድጋፍ የሚሉትም አለ። አቅራቢው ዱባይ ወይም ናይሮቢ ወይም ሕንድ ተቀምጦ በኢንተርኔት ገብቶ ይጠግናል። ጥሩ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ሰው በአውሮፕላን ማስመጣት ነበረብን። ክፋቱ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ነው። ፓስወርዱ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ከኩባንያው የለቀቀ ቴክኒሺያንም ያውቀዋል። በመስከረም 2023 ኤምጂኤም ሪዞርትስ የተባለው የሆቴልና የቁማር ኩባንያ በላስ ቬጋስ ምን እንደደረሰበት ሰምታችኋል። ሰርጎ ገቦቹ የኩባንያው ሠራተኛ መስለው የእርዳታ ዴስኩን በስልክ አታልለው ገቡ። ዲጂታል ቁልፎች ቆሙ፣ የቁማር ማሽኖች ጠፉ፣ እንግዶች ለመግባት ተሰለፉ፤ ኩባንያው በገቢው ላይ የደረሰውን ጉዳት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት በአንድ የስልክ ጥሪ ከተከፈተ፣ የእኛ ሪሴፕሽን ሌሊት ላይ «ከሶፍትዌር ድጋፍ ነው የምደውለው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ» ሲባል ምን ይመልሳል? መልሱ አስቀድሞ ይጻፍ፦ የርቀት መግቢያው ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚከፈተው ኃላፊው ራሱ፣ እሱ በሚያውቀው ቁጥር መልሶ ደውሎ ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ሥራው ሲያልቅም ይዘጋል። አቅራቢው ሊያኮርፍ ይችላል። ያኩርፍ።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል፣ የእኛን ሳይሆን የማሽኑን። «እስከሠራ ድረስ አትንካው» የሚለው ምክር ለውኃ ፓምፕ ደግ ምክር ነው። ለዚህ ኮምፒዩተር መርዝ ነው። ለዊንዶውስ 7 መደበኛው መጠገኛ መውጣት የቆመው በጥር 2020 ነው፤ ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። በየሆቴሉ ግን ሁለቱም አሉ፤ ከእነሱም የባሰ አለ። መቆለፊያዎቹም እንዲሁ ናቸው። በመጋቢት 2024 ተመራማሪዎች «አንሳፍሎክ» ብለው የሰየሙትን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ፦ ዶርማካባ የተባለው ፋብሪካ ሳፍሎክ በሚላቸው መቆለፊያዎች፣ ከዚያው ሆቴል የተገኘ አንድ ካርድ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን፣ በእጁ ያለ ሰው ከእሱ ሐሰተኛ ካርድ ሠርቶ የሁሉንም ክፍል በር መክፈት ይችላል። በ131 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ በሮች ለዚህ ቀዳዳ የተጋለጡ ነበሩ። ፋብሪካው የሰማው በ2022 ቢሆንም ነገሩ ይፋ በሆነበት ጊዜ ገና ከመቶ 36 ገደማው ብቻ ነበር የተስተካከለው። ለምን ዘገየ? ማስተካከያው በር ላይ ብቻ አያልቅም፤ የማስተዳደሪያው ሶፍትዌር፣ ኢንኮደሩ፣ ካርዱ፣ ከቁልፉ ጋር የተያያዘው ሊፍትና የመኪና ማቆሚያም አብረው ሊቀየሩ ይችላሉ። አሮጌ ኢንተርፌስ ያለው ሆቴል ደግሞ አንዱን ሲነካ ሌላው ስለሚፈርስበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

መብራትን ሳላነሳ ብቀር የአገሬ ሰው አይደለሁም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባለችው ጥቂት ሰከንድ ዩፒኤስ የሌለው ኮምፒዩተር ይጠፋል። ከዚያ ወይ ጨርሶ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ይቆማል፤ ፓስወርዱን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ በዕረፍት ላይ ነው። ኢንተርፌሱ ሰው ሳይገባበት በራሱ እንዲነሳ፣ ኮምፒዩተሩም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግንኙነቱ ከተመለሰም በኋላ በሆቴሉ ያለውን እንግዳ ዝርዝር እንደገና ለሁሉም ዕቃ ማስላክ ያስፈልጋል፤ ልጆቹ «ሪሲንክ» ይሉታል። ይህ ካልተደረገ በጨለማው ሰዓት የገባውም የወጣውም እንግዳ ለስልኩና ለቴሌቪዥኑ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሁለተኛ ተመሳሳይ ኮምፒዩተር፣ ሙሉ ቅጂው ተጭኖበት፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የአንድ ምሽት ስዊት ኪራይ ነው ዋጋው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ወረቀትን አትናቁ። በየፈረቃው የእንግዳ ዝርዝር ከነክፍሉ ታትሞ በሪሴፕሽን መሳቢያ ይቀመጥ፤ እሳት ቢነሳ፣ አያድርስና፣ የእሳት አደጋ ሰዎች የሚጠይቋችሁ ያንን ነው። የድንገተኛ ጊዜ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ በካዝና ይሁን፤ ማን መቼ እንዳወጣው የሚፈረምበት መዝገብ ይኑረው። ሕጉም ቢሆን መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ስምና መረጃ የሚይዝን ድርጅት ተጠያቂ ያደርጋል። «አቅራቢው ነው» የሚለው ምላሽ እንግዳው ፊት አይቆምም፤ ዳኛ ፊትም የሚቆም አይመስለኝም።

እንግዲህ ክረምቱ ሲገባና እንግዳ ሲሳሳ አንድ ሌሊት ምረጡ። ለዋና ሥራ አስኪያጁና ለአይቲው ኃላፊ ብቻ ነግራችሁ፣ አቅራቢውንም አስጠንቅቃችሁ፣ የዚያን ኮምፒዩተር የኔትወርክ ኬብል ንቀሉ። ከዚያ ሪሴፕሽን ቆማችሁ ሰዓት ያዙ። ግንኙነቱ መቋረጡን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? ለማን ደወለ? የተደወለለት ሰው ምን አለ? የሚገባው እንግዳ ቁልፍ ያገኘው በምን መንገድ ነው? የማንቂያ ጥሪ የጠየቁት ሰዎች ዝርዝር በወረቀት ተገኘ ወይስ አልተገኘም? ሁሉንም በደቂቃው ጻፉ፤ ወረቀቱንም በጀት ስትነጋገሩ ከግዥ ጥያቄው ጋር አያይዙት።